የሮማ ዲናር ቸርችል ጎዳና ላይ ይገኛል ወይ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ሰላም ናችሁ ወዳጆች፣ ባለፈው እትም ስለ ድሮ ሳንቲም መሰብሰብ ትንሽ ነገር ጽፌ ነበርና ከዛ ወዲህ የመጣው ጥያቄ ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ስለ ጥንታዊት ሮማ የብር ሳንቲም ነው። ለሁሉም ለመመለስ ገጹ አይበቃም፣ ስለዚህ ተቀራራቢዎቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ስማችሁን ትቼ ሰፈራችሁን ብቻ ጽፌያለሁ። ዓመተ ምህረቱ ሌላ ካላልኩ በስተቀር በፈረንጆቹ ነው።

ጥያቄ፣ ከፒያሳ፦ ቸርችል ጎዳና ላይ ካሉት የቱሪስት እቃ መሸጫዎች አንዱ ጋ «የጁሊየስ ቄሳር ነው፣ ንጹህ ብር» ተብሎ አንድ ሳንቲም አሳዩኝ። 12 ሺህ ብር ነው፣ ከተከራከርኩ ይቀንሳሉ። ስፋቱ የኛን የአንድ ብር ሳንቲም ያክላል፣ የማውቀው ወርቅ ቤት አስመዝኜው 9 ግራም ሆነ። የቅጠል አክሊል የደፋ ሰውዬ አለበት፣ «ቄስ» የምትል የላቲን ጽሑፍም ትነበባለች። ሻጩ ጋ ሌሎች ሦስት ተመሳሳይ አሉ። ልግዛ?

መልስ፦ ይቅርብህ ወንድሜ፣ ገንዘብህን ያዝ። ግን ለምን እንደሆነ በደንብ ልንገርህ፣ ነገ ሌላ ሱቅ ስትገባ የሚጠቅምህ እሱ ነው።

መጀመሪያ መጠኑ። የሮማ ዋናው የብር ሳንቲም ዲናር ነው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 211 አካባቢ ከካርቴጁ የጦር መሪ ከሃኒባል ጋር በሚዋጉበት ጊዜ ነው የጀመሩት፣ ስፋቱ 18 ወይ 19 ሚሊሜትር ነው፣ ማለትም ከድሮው አምስት ሳንቲማችን ትንሽ ቢያንስ እንጂ የአንድ ብሩ ጋ አይደርስም። ክብደቱ ሲጀመር 4 ግራም ተኩል ገደማ ነበር፣ ብዙም ሳይቆይ ወደ 3.9 ወረደ፣ ኔሮን በ64 ዓ.ም. ከቀነሰው በኋላ ደግሞ 3.4 አካባቢ ሆነ። 9 ግራም የሚመዝን ዲናር የለም በቃ። እርግጥ ከዲናር የሚተልቅ የብር ሳንቲም በሮማ ግዛት ነበረ፣ አንጾኪያና እስክንድርያ በግሪክኛ ጽሑፍ የተመቱ ቴትራድራክሞች አሉ፣ ትንሿ እስያ ውስጥ ደግሞ ሲስቶፎር የሚባል በላቲን የተጻፈበት የሦስት ዲናር ሳንቲም አለ፣ ግን እሱ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ግራም በላይ ነው፣ ደግሞ አራት ሆኖ አንድ ሱቅ መስታወት ውስጥ አይደረደርም።

ሁለተኛ «ቄሳር» የሚለው ነገር። ከጁሊየስ በኋላ ከመጡት ነገሥታት ብዙዎቹ ቄሳር የሚለውን ስም ሳንቲማቸው ላይ ያስጽፉ ነበር፣ ስለዚህ «ቄስ» የሚል ስላየህ ጁሊየስ ነው ማለት አይደለም። ጁሊየስ ራሱ መልኩን ያሳተመው በተገደለበት ዓመት ከልደት በፊት በ44 ነው፣ ሮም ከተማ ውስጥ በተመታ ሳንቲም ላይ በሕይወት ያለ ሰው መልክ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር፣ ዛሬም ዋጋው እንዲህ በቀላሉ የሚደፈር አይደለም። በጣም የሚታወቀው የሱ ዲናር ደግሞ ጭራሽ የሰው መልክ የለበትም፣ አንድ ዝሆን እባብ የመሰለ ነገር ሲረግጥ ነው የሚያሳየው፣ ከስሩ ቄሳር ተብሎ ተጽፎ።

ለኔ ግን ነገሩን የጨረሰው አራቱ ሳንቲሞች ተመሳሳይ ናቸው ማለትህ ነው። ዲናር የሚሠራው በእጅ ነበር፣ አንጥረኛው ማህተሙን በእጁ ይቀርጻል፣ የሞቀውን የብር ቁራጭ በሁለት ማህተም መሀል አድርጎ በመዶሻ ይመታዋል፣ አንዱ ወደ ግራ ያዘነብላል፣ አንዱ ጠርዙ ላይ ይሰነጠቃል፣ አንዱ ላይ ግማሹ ጽሑፍ ከብሩ ውጭ ይቀራል። ከአንድ ማህተም የወጡ ሁለት ሳንቲሞች እንኳን ቅርጻቸው ይለያያል። አንዱ ላይ ያለው ጭረት፣ አንዱ ላይ ያለው ጎድጓዳ፣ ሌላኛውም ላይ እዛው ቦታ ካገኘኸው ሁለቱም ከአንድ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሱ ፎርጅድ ናቸው። ሻጩን አራቱንም ጎን ለጎን አስደርድረውና ጠርዙን በማጉያ መነጽር ዙሪያውን እየው፣ የፈሰሰ ከሆነ መሀሉን ይዞ የሚዞር ቀጭን የስፌት መስመር ወይም የሞረድ ምልክት ይኖረዋል፣ ፊቱ ላይ ደግሞ እንደ ሳሙና የለሰለሰ መልክና ጥቃቅን የአየር ቀዳዳ ታያለህ።

አሁን ቤትህ የምትሠራው አንድ ነገር ላሳይህ፣ እኔ በጣም ነው የምወደው ምክንያቱም ሳንቲሙን አይጎዳም። እስከ 0.01 ግራም የሚለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ያስፈልግሃል፣ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት። ሳንቲሙን ደረቁን መዝን፣ እንበል 3.40 ሆነ። ከዛ ትንሽ ብርጭቆ ውሃ ሚዛኑ ላይ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው፣ ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስረህ ውሃው ውስጥ አንጠልጥለው፣ ግድግዳውንም ወለሉንም እንዳይነካ፣ እጅህን አረጋጋ። ሚዛኑ 0.33 ካለህ 3.40ን ለ0.33 አካፍል፣ 10.3 ይመጣል፣ ንጹህ ብር 10.49 ስለሆነ ጥሩ ብር ነው ማለት ነው። 0.40 ካለህ ግን 8.5 ነው የሚመጣው፣ ያ ነሐስ ነው። የየትኛው ንጉሥ እንደሆነ ማወቅ አለብህ ታዲያ፣ ምክንያቱም የኋላ ዘመኖቹ ዲናሮች ግማሹ መዳብ ስለሆነ 9.7 አካባቢ ቢመጣብህ ችግር የለውም። ማግኔት ብቻ ይዞ መፈተሽ አይበቃም፣ መዳብም ነሐስም ማግኔት አይስባቸውም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። በዛው በጥንቱ ዘመን የተሠራ ፎርጅድም አለ፣ ውስጡ መዳብ ሆኖ በብር ቅጠል የተሸፈነ፣ ሲያልቅ ከስር ቀይ ወይ አረንጓዴ የሚያሳይ። የዛ ዘመን ገንዘብ ለዋጮች እሱን ለማወቅ ሳንቲሙ ላይ ትንንሽ ምልክት ይወጉ ነበር፣ ዛሬም ፊቱ ላይ ጨረቃ የመሰለች ወይ ክብ የሆነች ጠባሳ ያለበት ዲናር ታገኛለህ። እንደዚህ ያለውን ሰብሳቢዎች እያወቁ ይገዙታል፣ እኔም ብትገዛ አልቃወምህም፣ ዋጋው ግን የእውነተኛው ዲናር መሆን የለበትም።

ጥያቄ፣ ከአራት ኪሎ፦ አባቴ በወጣትነቱ ጣሊያን አገር ነበር የተማረው። ካረፈ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ በጨርቅ የተቋጠሩ ትንንሽ ጥቋቁር ሳንቲሞች አገኘን። እናቴ የብር መስቀሏን እንደምታጸዳው በሎሚና በአመድ ፈትጌ ላጥራቸው እያለች ነው። አንዱ ላይ «አንቶኒኖስ ፒዮስ» የሚል ያነበብኩ መሰለኝ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ ነፍሱን ይማር። እናትሽን ግን በእግዚአብሔር አስቁሚልኝ፣ ዛሬውኑ።

ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም፣ ብሩ ራሱ ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ተዋህዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው፣ ማለትም አመዱ የሚፍቀው የሳንቲሙን የላይኛውን ቆዳ ነው፣ ከሱ ጋር የንጉሡ ጸጉር፣ የፊደሉ ጫፍ፣ ሁሉም ይሄዳል። ሎሚው ደግሞ ከብሩ ጋር የተቀላቀለውን መዳብ እየበላ ፊቱን ያጎደጉደዋል። መስቀል አንገት ላይ ይውላል፣ ይታሻል፣ ደግሞም ገና ጠንካራ ነው፣ ሁለት ሺህ ዓመት ገደማ መሬት ውስጥ የቆየ ብር ግን ውስጡ ተሰባሪ ይሆናል፣ አንዳንዱ ከጠረጴዛ ላይ ቢወድቅ እንደ ብስኩት ለሁለት ይከፈላል። የተፈተገ ዲናር ገበያ ላይ ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፣ የጠፋውን ነገር ደግሞ የሚመልሰው የለም። አፈር ከያዘ በዲስትልድ ውሃ ዘፍዝፊው፣ በየቀኑ ውሃውን ቀይሪ፣ ከዛ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አድርጊው ይድረቅ፣ አትሺው። የጥርስ ሳሙና፣ ቤኪንግ ሶዳ፣ የብር ማጽጃ ፈሳሽ፣ አንዱም አይነካውም።

ስትይዢውም በጠርዙ ያዢው፣ ከስር ፎጣ አንጥፊ። ማስቀመጫ ደግሞ ለየብቻ ትንንሽ የወረቀት ፖስታ ይበቃል፣ ስታምፕ ሰብሳቢዎች የሚጠቀሙበት ለስላሳ ላስቲክ አልበም ውስጥ ግን እንዳታስገቢ፣ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ያወጣና ብሩን ይበላዋል። ላስቲክ ማሰሪያም አያስፈልግም፣ ድኝ አለው። ክረምት ላይ ቤቱ እርጥበት ካለው ከጫማ ካርቶን ውስጥ የምትወጣዋን እርጥበት መምጠጫ ከረጢት ሳጥኑ ውስጥ ጣል አድርጊ። አባትሽ የቋጠሩበትን ጨርቅና ውስጡ ያለ ማንኛውንም ብጣሽ ወረቀት ወይ ደረሰኝ እንዳትጥዪ፣ ሳንቲሙ ከየት እንደመጣ የሚናገረው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ አንቶኒኖስ እንምጣ፣ እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንቶኒኖስ ፒዮስ የሚባለው ንጉሥ ከ138 እስከ 161 የገዛው ነው፣ ግን ከሱ በኋላ የነገሡት ካራካላም ኤላጋባሉስም ሳንቲማቸው ላይ ያስጻፉት ያንኑ ስም ነው፣ ካራካላ የሚለው ቅጽል ሳንቲም ላይ የለም። ስለዚህ የቃላቱን ቅደም ተከተል እይ። ከ«አንቶኒኖስ» ቀጥሎ «አውግ» (አውግስጦስ የሚለው ማዕረግ ሲያጥር) መጥቶ ከዛ «ፒዮስ» ከሆነ የመጀመሪያው ሰውዬ ነው፣ ጢሙ ሙሉ የሆነ እርጋታ ያለው ፊት ታያለሽ። «ፒዮስ» ቀድሞ «አውግ» ከኋላ ከመጣ ካራካላ ወይ ኤላጋባሉስ ነው፣ ልጅ እግር ፊት ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ከስሙ በፊት «ኢምፕ» የሚለው የማዕረግ አጭር ጽሑፍ ካለና የሳንቲሙ ጀርባ ላይ ትንሽ ኮከብ ካየሽ ኤላጋባሉስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። አክሊሉ ቅጠል ሳይሆን እንደ ፀሐይ ጨረር የሾለ ከሆነ ደግሞ ዲናር ሳይሆን አንቶኒኒያን ነው፣ ካራካላ በ215 ያስጀመረው፣ የሁለት ዲናር ዋጋ ተሰጥቶት ነበር ይባላል።

ጽሑፉ ውስጥ ቲ አር ፒ የሚሉ ፊደላት ከጎናቸው ቁጥር ይዘው ካገኘሽ ደግሞ ደስ ይበልሽ፣ ንጉሡ በየዓመቱ የሚያድሰው የሕዝብ ጠበቃነት ሥልጣን ስንተኛ ዓመት እንደሆነ ነው የሚናገሩት፣ በሱ ሳንቲሙ የተመታበትን ዓመት ማወቅ ይቻላል። የእንግሊዝኛውን ዩ ቪ አድርገው እንደሚጽፉት ብቻ አስታውሺ። «ኦክሬ» የሚባል በነጻ የሚታይ የሮማ ነገሥታት ሳንቲም ዳታቤዝ አለ፣ የአሜሪካ የሳንቲም ጥናት ማኅበር ያዘጋጀው፣ ያነበብሻትን ሁለት ሦስት ቃል አስገቢና ከፎቶዎቹ ጋር አስተያዪ፣ ኢንተርኔቱ ጥሩ ከሆነ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሻል።

ጥያቄ፣ ከስድስት ኪሎ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት ተማሪ ነኝ። ጌታችን «ይህች መልክ የማን ናት» ብሎ የጠየቀባት ዲናር የትኛዋ ናት? ይሁዳ የተቀበለው ሠላሳ ብርስ ዲናር ነው? ደግሞ የሮማ ገንዘብ ወደ አገራችን ደርሶ ያውቃል?

መልስ፦ በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ሦስቱንም አንድ በአንድ።

በዛን ጊዜ የነገሠው ጢባርዮስ ነው፣ ከ14 እስከ 37 ዓ.ም.፣ ስለዚህ ሰብሳቢዎች «የግብር ዲናር» የሚሉት የሱን ነው። አንድ ገጽ ላይ ቅጠል የደፋ የጢባርዮስ ራስ አለ፣ የመለኮታዊው አውግስጦስ ልጅ መሆኑ ዙሪያውን ተጽፎ፣ ሌላኛው ገጽ ላይ በትር ይዛ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት አለች፣ ብዙ ሰው እናቱ ሊቪያ ናት ይላል፣ ጽሑፉ ደግሞ ሊቀ ካህናት የሚለውን ማዕረጉን ነው የሚናገረው። እስቲ አስበው፣ መቅደሱ ውስጥ የአምላክ ልጅ ነኝ የሚል የሮማ ንጉሥ መልክ ያለባት ብር እጃቸው ላይ ይዘው ነው ስለ ግብር የሚጠይቁት፣ ጥያቄው ወጥመድ የሆነበት ምክንያት ሳንቲሙን ስታየው ነው ቁልጭ የሚለው። አብዛኞቹ የጢባርዮስ ዲናሮች የተመቱት በዛሬዋ ፈረንሳይ ሊዮን ከተማ ነው። የአውግስጦስ ዲናርም ገና ገበያ ላይ ስለነበር ያቺ ራሷ ናት ብሎ መማል አይቻልም፣ ሻጮች ግን በዚህ ታሪክ ምክንያት የጢባርዮስን ዋጋ ከሌሎቹ በጣም ያስወድዱታል። አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ቀን የሠራተኛ ደሞዝ እንደነበር ከወይኑ አትክልት ሠራተኞች ምሳሌ ታውቀዋለህ።

ሠላሳው ብር ግን ሮማዊ ላይሆን ይችላል፣ ብዙ ተመራማሪዎች የጢሮስ ሰቅል ነው ይላሉ። ወደ 14 ግራም የሚመዝን፣ አንድ ገጹ ላይ የጢሮስ አምላክ መልከርት ሌላኛው ላይ ንስር ያለበት፣ ብሩ ንጹህ ስለሆነ የቤተ መቅደሱ ግብር የሚከፈለው በሱ ነበር።

ወደ አገራችን ደርሷል ወይ ላልከው፣ አዎ። በመጀመሪያው ክፍለ ዘመን ስለ ቀይ ባሕር ንግድ አንድ የግሪክኛ ተናጋሪ ነጋዴ የጻፈው የባሕር መመሪያ አለ፣ አዱሊስ ወደብ ምን ምን እንደሚገባ ሲዘረዝር እዛ ለሚቀመጡ የውጭ አገር ሰዎች ጥቂት ዲናር እንደሚመጣ ይናገራል። ጥቂት ማለቱን ልብ በል፣ ያገሬው ሰው ገና በሳንቲም አልነበረም የሚገበያየው፣ ወደ ሕንድ ግን በገፍ ነበር የሚሄደው፣ ደቡብ ሕንድ ውስጥ የአውግስጦስና የጢባርዮስ ዲናር በድስት ሙሉ ተቆፍሮ ይወጣል። ማጠራ፣ የዛሬዋ ኤርትራ ውስጥ ማለት ነው፣ በቁፋሮ የሮማ ነገሥታት የወርቅ ሳንቲሞች ተገኝተዋል፣ ደብረ ዳሞ ደግሞ በሕንድ አቅጣጫ ይገዙ የነበሩት የኩሻን ነገሥታት ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል። ከዛ በሦስተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የአክሱሙ ንጉሥ እንዱቢስ የራሱን ማስመታት ጀመረ፣ ወርቅም ብርም። የአክሱም ብርና መዳብ ላይ ከሮማ የማታገኘው አንድ ነገር አለ፣ በንጉሡ ራስ ዙሪያ ወይ በመስቀሉ ውስጥ በወርቅ የተለበጠች ትንሽ ቦታ አለች፣ እጅግ ያማረ ሥራ ነው፣ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ሄደህ መስታወቱ ጋ ጠጋ ብለህ እያት።

ጥያቄ፣ ከለገሃር፦ ባንክ ነው የምሠራው። የሮማ ብር እየቀለለ ሄዶ መጨረሻ ላይ መዳብ ሆነ ሲባል ሰምቻለሁ፣ እንዴት?

መልስ፦ ባጭሩ ወታደር ነው። በአውግስጦስ ጊዜ አንድ ተራ ወታደር በዓመት 225 ዲናር ነበር የሚከፈለው፣ ዶሚሽያን ወደ 300 አሳደገው፣ ከዛም በላይ ሄደ፣ የብር ማዕድኑ ግን አብሮ አላደገም። ስለዚህ ያንኑ ብር በመዳብ እያረዘሙ ብዙ ሳንቲም መምታት። የአውግስጦስ ዲናር 98 በመቶ ገደማ ብር ነው፣ ኔሮን ክብደቱንም ንጽሕናውንም ቀነሰ፣ ዶሚሽያን በ82 ወደ ላይ መልሶት ነበር ሦስት ዓመት ሳይሞላ ተወው፣ ሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስ ጋ ሲደርስ ግማሽ በግማሽ ሆነ። ሴቬሮስ በነገራችን ላይ አፍሪካ የተወለደ ነው፣ ሊቢያ ለፕቲስ ማግና፣ ለሠራዊት ብዙ ስላስመታ ዲናሩ ዛሬም በርካሽ ይገኛል። ከዛ አንቶኒኒያን መጣ፣ የሁለት ዲናር ስም ይዞ የሁለት ዲናር ብር የሌለው፣ ሰዉ ወዲያው ገባው፣ ጥሩውን ደብቆ መጥፎውን ማውጣት ጀመረ። በ260ዎቹ በጋሊየኖስ ዘመን ብሩ ከ5 በመቶ በታች ወርዶ ላዩ ብቻ ብር የተቀባ መዳብ ቀረ። አንተ ባንክ ስለምትሠራ አንድ ሐሳብ ልስጥህ፣ ከአውግስጦስ እስከ ጋሊየኖስ ስድስት ሰባት ሳንቲም መርጠህ በተርታ ብታስቀምጣቸው ቀለማቸው ብቻ ሁሉን ነገር ያስረዳሃል፣ እንደዚህ ዓይነት ኮሌክሽን መቶ ሳንቲም ዝም ብሎ ከመግዛት በስንት እጥፍ ይበልጣል።

ጥያቄ፣ ከአራዳ፦ ዘመዴ አክሱም አካባቢ ሲያርስ ያገኛቸውን መስቀል ያለባቸው ትንንሽ ሳንቲሞች አምጥቶልኛል። አንድ የውጭ ሰው በሮማ ዲናር ልለውጥህ ይለኛል። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ ትልቅ ችግር አለው፣ እንዳታደርገው። በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) ቅርስ ያገኘ ሰው ማሳወቅ አለበት፣ ለንግድ ብሎ መግዛትና መሸጥም ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትም ክልክል ነው። ሰውየው ዲናሩን ሰጥቶህ ቦሌ ላይ ቢያዝ ስምህ አብሮ ይነሳል።

ሕጉን እንተወውና ደግሞ፣ ያ ሳንቲም ከየትኛው ማሳ፣ ምን ያህል ጥልቀት፣ ከምን ጋር እንደወጣ ዘመድህ ዛሬ ያስታውሳል፣ ፈረንጁ ኪስ ከገባ በኋላ ግን ማንም አያውቀውም። የማጠራው ወርቅ ስለ ንግዳችን የሚናገረው የተገኘበት ቦታና ዕቃ ስለተመዘገበ ነው። ዘመድህ ቦታውን ያስጽፍ፣ ሳንቲሞቹን ሳትጠርግ በወረቀት ጠቅልልና ወደ ኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ሂዱ።

የውጭውን ገበያም ብታየው ቁጥጥሩ እየጠነከረ ነው። ጁሊየስን ከገደሉት አንዱ ብሩቱስ በ42 ከልደት በፊት ያስመታው ሁለት ጩቤ ያለበት ሳንቲም አለ፣ የወርቁ ዓይነት አንዷ በ2020 ለንደን ውስጥ ከ4 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተጫርታ ነበር፣ በኋላ የባለቤትነት ታሪኳ ሐሰት መሆኑ ተደረሰበትና በ2023 ለግሪክ ተመለሰች። ስለዚህ ዲናርም ስትገዙ ያለፈ የጨረታ መዝገብ ወይ የድሮ ደረሰኝ ጠይቁ፣ ሻጩ ከየት እንዳመጣው ካልነገራችሁ ውጡ።

ጥያቄ፣ ከካዛንቺስ፦ ልጄ፣ እኔ ከአባቴ የወረስኳቸው ጠገራ ብሮች አሉኝ። እነሱን ሸጬ የሮማ ልግዛ ወይ?

መልስ፦ ጋሼ እባክዎ አይሽጧቸው። ጠገራው፣ ማለትም የኦስትሪያዋ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ 28 ግራም ገደማ ነው፣ ከመቶው 83 ብር አለው፣ ሁሉም ላይ 1780 የሚል ስለሚጻፍበት በዓመቱ ብቻ ዘመኑን ማወቅ አይቻልም፣ ከሴትዮዋ ሞት በኋላም ያንኑ ዓመት እያሳተሙ ነው የቀጠሉት። የኛ ሰው ደረቷ ላይ ያለችውን ጌጥ ዕንቁዎች ቆጥሮ ነበር የሚቀበለው፣ እርስዎም በማጉያ ያዩዋቸው፣ ጠርዛቸው ላይ ያለውን ጽሑፍም ይመልከቱ። ከመሀላቸው የምኒልክ ብር ካለ፣ አንበሳው ባንዲራ የያዘው፣ ለብቻው ያስቀምጡት፣ 1887 (ይሄ በኛ አቆጣጠር ነው) የሚለው ፓሪስ የተመታ ነው። አባትዎ እንዴት እንዳገኟቸው የሚያስታውሱትን ደግሞ ለልጆችዎ አሁን ያስጽፉ። ዲናር ካማረዎት ከጡረታዎ ላይ ቀስ ብለው አንድ ይገዛሉ።

ጥያቄ፣ ከብሔራዊ ቴአትር አካባቢ፦ ጀማሪ ነኝ፣ በትንሽ ብር የመጀመሪያ ሳንቲሜ ምን ይሁን?

መልስ፦ የሴቬሮስ፣ የሚስቱ የዩልያ ዶምና ወይም የአሌክሳንደር ሴቬሮስ ዲናር፣ ወይ የጎርዲያን 3ኛ አንቶኒኒያን። ጽሑፉ ሙሉ የሆነ ደህና ነገር ውጭ አገር ካሉ የታወቁ ነጋዴዎች ጋ ከ50 እስከ 150 ዶላር ይገኛል፣ ፎርጅድ ከሆነ ገንዘቡን እንደሚመልስ በጽሑፍ ከሚያረጋግጥ ብቻ ግዛ፣ በዘመድ እጅ ስታስመጣም ደረሰኙ አብሮ ይምጣ፣ ጉምሩክ ላይ ሳይደበቅ ይታይ። ዋጋውን ከማየትህ በፊት ግን የምትወደውን ምረጥ። እኔን ብትጠይቀኝ የሮማው ንጉሥ ፊልጶስ ዘዓረብ በ248 ሮማ የተመሠረተችበትን አንድ ሺህኛ ዓመት ሲያከብር ያስመታቸውን እመርጣለሁ፣ ለበዓሉ ያመጧቸው እንስሳት አሉባቸው፣ አንበሳ፣ አጋዘን፣ በንግሥቲቱ ሳንቲም ላይ ደግሞ ጉማሬ። ሃድርያንም አፍሪካን በሴት መስሎ ያስመታው ዲናር አለ፣ የዝሆን ራስ ደፍታ ጊንጥ ይዛ፣ እሱ ግን ትንሽ ይወደዳል።

ለሚቀጥለው እትም ፎቶ የምትልኩ፣ ሁለቱንም ገጽና ጠርዙን ያለ ፍላሽ መስኮት አጠገብ አንሱት፣ ከጎኑ ማስመሪያ አድርጉ፣ ክብደቱን በግራም ጻፉልኝ፣ ከማን እንደገዛችሁት ሳይሆን ሻጩ ከየት አገኘሁት እንዳለ ንገሩኝ።